የመርዶ ሒሳብ

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁት የለ? ጠመኔው እንኳ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በተፈናቃዮች መጠለያ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ጋቢዬን ደርቤ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ትምህርት ያቋረጡ አዋቂዎች ናቸው። ከሁሉም የምትበረታው አስካለ ናት፤ ባሏና አንድ ልጇ ወለጋ ቀርተውባት፣ ብቻዋን ያመለጠች።

የዚያን ሰሞን የምንማረው ሁለት ያልታወቁ ያሉበትን እኩልታ ነበር። ኤክስና ዋይ። በአንድ እኩልታ ሁለቱ አይገኙም፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። አንድ ቃል የሚበቃው የሰፈር ወሬኛ ብቻ ነው። ምሳሌ ብዬ የመዘዞ ገበሬ በጎችና ዶሮዎች ራሳቸው ሲቆጠር ይኼን ያህል፣ እግራቸው ይኼን ያህል፤ በጉ ስንት፣ ዶሮው ስንት ብላቸው፣ አስካለ እግር ከምንቆጥር ገበሬውን ለምን አንጠይቀውም አለችኝ።

ታዲያ ድንኳን ሸራ ነው፤ የምንለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ተማሪዎቹ ሲወጡ የመጠለያው ሽማግሌዎች ገቡ። መምህሩ ያልታወቀውን ያወጣል ሲሉ ሰምተናል አሉኝ። ጉዳዩ የአስካለ ነበር። ከወለጋ የደወለ ጎረቤት፣ ከአባትና ከልጅ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ተርፏል ብሏል። የትኛው? አያውቅም። መርዶ ደግሞ ስም ይፈልጋል። ሰው ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰህ «አንዱ ሞቶብሻል» ትላለህ? ማንን ብላ ታልቅስ?

አንድ እኩልታ አይበቃም አልኳቸው። ሁለተኛም አለን አሉ። በቅርቡ የመጣ ሌላ ሰው፣ አባትና ልጅ አልተለያዩም፣ በአንዱ የደረሰው በሌላውም ደርሷል ብሎ ምሏል።

እኔ ሞኙ፣ እንደማይሆን ላሳያቸው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። በሕይወት ያለ አንድ፣ የሞተ ዜሮ። ኤክስ የአስካለ ባል፣ ዋይ ልጇ። እንደ ጎረቤቱ ቃል፣ ሲደመሩ አንድ። እንደ ሁለተኛው ሰው ቃል፣ ኤክስ ከዋይ እኩል። በዋይ ቦታ ኤክስን ተካሁ፤ ሁለት ኤክስ እኩል ይሆናል አንድ። ለሁለት አካፈልኩ። ኤክስ ግማሽ፣ ዋይም ግማሽ።

«አያችሁ፣ ግማሽ ሰው የለም። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ግን እኔን አያዩም። ዞር ስል አስካለ በሩ ላይ ቆማለች። የረሳችውን እስክሪብቶ ልትወስድ ተመልሳ ነው። ሰሌዳውን አንብባዋለች፤ እኩልታ ማንበቡን ያስተማርኳት ደግሞ እኔው ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በጠመኔ መርዶ ያረዳ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አላለቀሰችም። ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለችና ማረጋገጫውን ሠራች። ግማሽ ሲደመር ግማሽ፣ አንድ። ግማሽ ከግማሽ እኩል። ዳስተሩን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ልክ ነው መምህር፤ አያጥፉት» አለች። «እኔም ማታ ለሁለቱም ራት አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት ለሁለቱም አለቅሳለሁ።»