ለጭቃ የተገዛ ጫማ

አዲስ ነገር ባየ ቁጥር «ይቀመጥ» የሚል ሰው እናንተ ሰፈር የለም? እኛ ሀና ማርያም ሞልቷል። ሶፋው ላስቲኩ ሳይነሳለት ያረጃል፤ ብርጭቆው ቡፌ ውስጥ እንግዳ ሲጠብቅ ይኖራል።

እኔ ሩጫ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። መጀመሪያ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር፤ አሁን ለቡ ደርሼ እመለሳለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። ላዩ ደህና ነው፣ ሶሉ ግን አልቋል። ያንኑ ዓይነት፣ በዚያው ቀለም፣ አዲስ ገዛሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ያዙኝ።

«ይሄን የመሰለ ጫማ ለጭቃ? ለልጄ ሰርግ አታደርገውም?»

«ለጭቃ ነው የገዛሁት፣ እትዬ።»

«ወይ ጥጋብ!»

ወሬው እድር ድረስ ሄደ፤ ዳኛው ራሳቸው መከሩኝ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭቃ እየመረጥኩ ሮጥኩ።

የሰርጉ ቀን አሮጌውን ጫማ አጥቤ፣ ክሩን ቀይሬ ሄድኩ። እትዬ ብዙነሽ እግሬን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እንዲህ ነው እንጂ! ጫማ የሚገዛው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው!»

ምን ልበላቸው? ሰርግ ላይ ሶል ገልብጦ የሚያይ የለም። አዲሱ ጫማማ ደጃፌ ላይ ጭቃውን እንደለበሰ ነበር፤ በማግስቱ ማለዳ ለቡ ቀጠሮ ነበረን።