የሰርቨሩ ዳንቴል

እኔ እስካሁን በቸልተኝነት የሞተ ኮምፒውተር አላየሁም። በዚህ አገር ኮምፒውተርን የሚገድለው እንክብካቤ ነው። አታምኑኝም? እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ሲገዛ የለበሰው ላስቲክ ተልጧል? የሪሞቱስ ፌስታል? ደህናው ሶፋ ላይ እንግዳ ካልመጣ ማን ይቀመጣል? እንግዲህ በራሳችን ዕቃ ላይ እንዲህ የምንሳሳ ሰዎች፣ የመንግሥት ሰርቨር ሲሰጠን ምን እንደምናደርገው ገምቱ…

ሰርቨር ማለት፣ ለማታውቁት፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ መዝገባቸውን የሚያስቀምጡበት ዋናው ማሽን ነው። እሱ ሲሠራ እንሠራለን፤ እሱ ሲቆም ሻይ እንጠጣለን። ለባለጉዳይ ግን «ሰርቨሩ ቆሟል» አይባልም። በአማርኛ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ በኦሮምኛ «ሲስተሚን ህንጅሩ» ይባላል። መቱ ውስጥ ባለጉዳይ በመረጠው ቋንቋ ባዶ እጁን የመመለስ መብቱ የተጠበቀ ነው።

የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። መዝገብ ቤት ነኝ፤ የልደት ምስክር ወረቀት አትሜ እሰጣለሁ፤ ይብቃችሁ። ሰርቨሩ የመጣ ዕለት የንብረት ኃላፊያችን ጋሼ ሸምሱ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ቆለፉበት። ሌባ እንዳይገባ መስኮቱ በሚስማር ተመታ። ቁልፉ ከጋሼ ሸምሱ ወገብ አይወርድም። ክፍሏ ጥሩ ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ሦስት ቦታ ከማፍሰሱ በቀር ምንም አይወጣላትም። የመቱን ዝናብ ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፈቃድ አይጠይቅም።

«ይሸፈን» አሉ አለቃችን በስብሰባ ላይ።

ጋሼ ሸምሱ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ብቅ አሉ። እንግዲህ እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን ዓይኔ እያየ ማለፍ አቃተኝ። «ለእንዲህ ያለ ዕቃ ነውር ነው፤ እኔ እሠራለታለሁ» አልኩ። ከእኔ አፍ በስብሰባ ላይ ቃል ሲወጣ ስላልተለመደ ሁሉም ዞሮ አየኝ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዳንቴል እንደ ሌላው ሰው በግምት አልሠራም። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከፍታውን በሜትር ለካሁ፤ ጻፍኩ፤ ደግሜ ለካሁ። ነጭ ክር፣ ዙሪያውን የቡና ቅጠል ያለበት። ዳንቴል ብቻውን ውሃ ስለሚያሳልፍ ከውስጥ ወፍራም ላስቲክ ገበር አደረግሁለት። እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ፣ አቧራ የምትገባበት ቀዳዳ የሌለው ነው። ለኬብሎቹ ብቻ ከኋላ አንዲት ክፍተት ተውኩ፤ እሷንም በሚሳብ ክር አጠበቅኋት። ሲለብስ ሙሽራ መሰለ። ጋሼ ሸምሱ መዝገባቸው ላይ «የሰርቨር ልብስ፣ ዳንቴል፣ ነጭ፣ ብዛት አንድ» ብለው አሰፈሩት። ቆይቶ ሰርቨሩ መቋረጥ ጀመረ።

እግረ መንገዴን ጠቃሚ ምክር ልጣልላችሁ፤ በእኛ የተፈተነ ነው። የይለፍ ቃል ለማንም አይነገርም። እኛም ለማንም አልነገርንም፤ በሩ ላይ ለጥፈነዋል፤ ያነበበ ያንብብ። የመዝገቡ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ይያዝ ይባላል። ይዘናል። ዲስኩ ውድ ስለሆነ እዚያው ክፍል፣ ያው የሚያፈስ ጣሪያ ሥር፣ በዚያው ቁልፍ ተቆልፎበታል። ሌባ ቢመጣ ሁለቱን አይለያያቸውም። ከተቸገራችሁ ደግሞ ባለሙያ ጋ ደውሉ። እኛ ደወልን። «ቫይረስ ነው፤ አጥፍታችሁ አብሩት» አለን። አጠፋን፤ አበራን፤ ተመልሶ ጠፋ። አንድ ነገር ግን ከልቤ ልምከራችሁ፦ ማሽን ሲቋረጥባችሁ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሰዓቱን ጻፉ። ይህ ምክር ትክክል ነው። እኔን ያሳሳተኝም እሱ ነው።

ሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኦቦ ታደሰ ከዳሪሙ ገጠር መጡ። ጫማቸው ጭቃ፣ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ። ሀዊ የምትባል ልጃቸው እዚሁ መቱ ጤና ኮሌጅ ገብታለች። ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ካላመጣች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

«ሲስተም የለም» አልኳቸው።

«መቼ ይመጣል?»

«ጠዋት ነበረ።»

«እኔም ጠዋት ነበርኩ… መንገድ ላይ» አሉ።

በእግር ሁለት ሰዓት ተጉዘው፣ መኪናው እስኪሞላ ጠብቀው፣ መቱ የሚደርሱት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ሲስተሙም የሚሄደው ከምሳ በኋላ ነው። እንዳይገናኙ የተማከሩ ይመስላሉ።

«ጠዋት አትሜ ላስቀምጥልዎ አልችልም፤ ባለጉዳዩ ፊት ለፊት ሳይቆም አይታተምም» አልኩ። ደንቡን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ፤ በማስመሪያ አስምሬ። «መቱ አድረው በሁለት ሰዓት ተኩል ቢገኙስ?»

«እኔ እዚህ ባድር በቆሎዬን ማን ይጠብቅልኛል? ዝንጀሮው ሲስተም አይቋረጥበትም፣ አዴ።»

«ረቡዕ ይምጡ» አልኳቸው፤ ረቡዕ ምን የተለየ ነገር እንዳለው ሳላውቅ።

ሳይጨልም መመሪያውን ተዋስኩ። የሰርቨሩን መመሪያ ማለቴ ነው፤ እስከዚያ ቀን ከነካርቶኑ በንብረትነት ተቆልፎበት ነበር። እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። የአሥረኛ ክፍልን ፈተና የወሰድኩት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ገጽ አይዘልም። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ከሽፋኑ ጀመርኩ።

ማክሰኞ ማስታወሻ ደብተሬን አመሳከርኩ። ሰኞ ሰባት ከሠላሳ አምስት። ማክሰኞ ሰባት ከአርባ። ከምሳ ስንመለስ የሚበራ ምን ነገር አለ? አለ። የእትዬ አስካለ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ። እትዬ አስካለ የጽዳትና የሻይ ኃላፊያችን ናቸው፤ ማንቆርቆሪያቸው የተሰካው ደግሞ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል ነው። አገኘሁሽ አልኩ በልቤ። ለአለቃችን ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ሰዓቱን በሠንጠረዥ አያይዤ። ከሰዓት በኋላ ማንቆርቆሪያው ተነቅሎ፣ ተመዝግቦ፣ ግምጃ ቤት ገባ።

እትዬ አስካለ መወልወያቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። በማስረጃ ነው።»

«ማስረጃሽ ይባረክ። እንግዲህ ደረቅ ዳቦሽን በማስረጃ አወራርጂ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሻይ ያስከለከለች ሴት ሲያይ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ተማርኩ። ይሁን፣ ለሀዊ ሲባል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ ሰባት ከሠላሳ ስምንት ላይ፣ ማንቆርቆሪያው እስር ቤት እያለ፣ ሲስተሙ ሄደ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦቦ ታደሰ አንገታቸውን በመዝገብ ቤቷ መስኮት ብቅ አደረጉ። «ሀርአ ሆ?» አሉኝ። ዛሬስ? ማለታቸው ነው።

ከኮሪደሩ የእትዬ አስካለ ድምፅ መለሰልኝ። «ማንቆርቆሪያዬን አሰሩት እንጂ ሲስተሙንማ አልፈቱትም።»

ኦቦ ታደሰ አልሳቁም። «ሀዊ ትናንት ነጭ ጋውን ለካች» አሉኝ ቀስ ብለው። «የጎረቤት ነው፤ እጅጌው ይረዝማታል። አጥፋ ሰፋችው። የማይሆን ከሆነ ንገሪኝ፤ ልጅቷ ስፌቱን ትፍታና የሰው ልብስ ትመልስ።»

«ዓርብ ይምጡ» አልኩ። ሐሙስን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ዓርብ ጠዋት ዘጠነኛውን ገጽ ጨርሻለሁ፤ ስለ ሳጥኑ አከፋፈት የቀረኝ ነገር የለም።

ዓርብ ኦቦ ታደሰ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሲስተሙ ከሃያ ደቂቃ በፊት ሄዷል። ሰማዩም ተቀደደ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና የግድግዳውን ሰዓት ማየት ጀመሩ። የእኔን ደንብ ከሰዓቱ ሥር ነው የለጠፍኩት።

ያቺ ክፍል ለሰው አትከፈትም፤ ለፍሳሽ ግን ትከፈታለች። ጋሼ ሸምሱ ቁልፉን፣ እትዬ አስካለ ባልዲውን፣ እኔ መመሪያዬን በብብቴ ይዤ ተከታትለን ገባን። እትዬ አስካለ ባልዲውን ከጠብታው ሥር አስቀምጠው ሲነሱ ለመደገፍ እጃቸውን ሰርቨሩ ላይ ጣል አደረጉ። አላነሱትም።

«ይቺ ነገር ትኩሳት አላት።»

«ሰርቨር ነው እትዬ፤ ትንሽ ይሞቃል» አልኩ። እስከ ዘጠነኛው ገጽ ያነበበ ሰው ድፍረት ነበረኝ።

«ትንሽ? ነይ እስቲ እጅሽን እዚህ ከልብሱ ሥር አስገቢ።»

አስገባሁ። ቶሎ አወጣሁ።

«ሊጥ ነው እንዴ የሸፈናችሁት? ሊጥ እንኳ ሲነፋ ይከፈትለታል። ማነው እንዲህ አድርጎ ያለበሳት?»

ጋሼ ሸምሱ ጣሪያውን አዩ። እኔ ባልዲውን አየሁ። ጠብ… ጠብ… ይላል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በማስረጃ?» አሉኝ።

ልብሱን ለማውለቅ እጄን ስሰድ ጋሼ ሸምሱ በመሀል ገቡ። «ቆይ እህቴ፣ በመዝገብ የለበሰ ዕቃ በመዝገብ ነው የሚወልቅ። ሦስት ሰው ይፈርማል።»

«ቁጠር ሸምሱ» አሉ እትዬ አስካለ። «አንተ አንድ፣ እኔ ሁለት፣ አለባሿ ሦስት። ውጭ ያለው ሰውዬ እስኪመሽበት ልንፈራረም ነው?»

ወለቀ። የወጣው ወላፈን የዳቦ ቤት በር የከፈትን ያህል ነበር። እትዬ አስካለ መመሪያውን ከብብቴ መዝዘው ማራገብ ጀመሩ፤ መጽሐፉ መሥሪያ ቤታችን ከገባ ጀምሮ የሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ይህ ነው። ከዚያ ጠረጴዛውን ሦስት እርምጃ ገፍተን ደረቁ ጥግ አስጠጋነው። ሦስት እርምጃ! ስብሰባ ስንቀመጥ፣ ከረጢት ስንመርጥ፣ ገበር ስሰፋ… ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ዞር ይበል ያለ ሰው አልነበረም።

እስኪቀዘቅዝ መጽሐፌን ተቀብዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጽ ዘለልኩ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሥዕል አለ፤ ማሽን ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት፣ በላዩ ትልቅ የኤክስ ምልክት። ለካ ጠዋት የሚበራው ማሽን ልብሱ ውስጥ እየጋለ ቆይቶ ነው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ የሚጠፋው። ለመጽናናት ያህል ልብ ብዬ አየሁት። የእነሱ ጨርቅ ዳንቴል አይደለም፤ ዙሪያውም ቅጠል የለበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አበራነው። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ሲስተም አለ። ኦቦ ታደሰ በደንቡ መሠረት ፊት ለፊቴ ቆሙ፤ አተምኩ፤ አለቃችን ፈረሙ፤ ማኅተሙን ረገጥኩ። የልጃቸውን ስም በጣታቸው ተከትለው ፊደል በፊደል አነበቡት። ወረቀቱን በፌስታል ጠቀለሉ፤ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ጠቀለሉ። አልተናገርኩም፤ ወረቀት አይሞቅም። «ገለቶማ» ብለው አመስግነው ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ አሥር ሰዓት አልሞላም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ በመስኮቴ ብቅ አለች። ነጭ ጋውን፣ የታጠፈ እጅጌ። አባቷ የላኩትን እሸት በቆሎ አስቀምጣ ሮጠች፤ ትምህርት ረፍዶባታል። ዝንጀሮው ያልደረሰበት ነው አለች እየሮጠች።

ለአለቃችን ሁለተኛ ማብራሪያ ጻፍኩ። ይኼኛው አንድ መስመር ነው፦ «የመቋረጡ መንስኤ ሽፋኑ ነው፤ ሽፋኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንቆርቆሪያው ይፈታ።» ማንቆርቆሪያው ከግምጃ ቤት ለመውጣት ስድስት ፊርማ ፈጅቶበት ሐሙስ ተፈታ። ዳንቴሉ ወደ ቤቴ እንዳይሄድ በንብረትነት ተመዝግቧል፤ ሰርቨሩ ላይ እንዳይመለስ ደግሞ እትዬ አስካለ ዘብ ቆመዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አጣጥፌው ሳየው፣ ሻይ ይዘው መጡ። ታረቅን ማለት ነው መሰለኝ፤ ስኳሩ በዝቷል።

«ያቺን ልብስ ወዲህ በያት» አሉኝ። «ሰርቨሩን ያፈላች ልብስ ሻይ ታቀዘቅዛለች?»

አታቀዘቅዝም። ከፈላ በኋላ ሁለት ድርብ አጥፈው ያለብሱታል፤ በስምንት ሰዓት የፈላው ሻይ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምላስ ይልጣል። ጋሼ ሸምሱም መዝገባቸው ላይ «የሰርቨር» የሚለውን ሰርዘው «የማንቆርቆሪያ» ብለው ፈረሙበት። እንግዲህ የመጨረሻ ምክሬን ስሙኝና ልሂድ፦ ኮምፒውተራችሁን የምትወዱት ከሆነ ልብሱን አውልቁለት። ማልበስ ካልተዋችሁ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ግዙ።