ዜና ራዊያ ዘሞንታርቦ፣ ጋሽ ኸይረዲንን ከገዛ ለቅሷቸው ያስነሣችበት

በዘመነ ባጃጅ፣ መብራት መጥታ በምትሄድበት ኔትወርክም ሄዶ በማይመጣበት ወራት፣ ተማሪ ሳይጽፍ መምህርም ሳያነብ ዲግሪ መውጣት በጀመረበት ዘመን፣ ራዊያ ሞንታርቦውን በጨበጠች በሦስተኛው ዓመት፣ ማሽላው አፍርቶ ወፍ በራያ ቆላ ላይ በዘመተበት በወርኃ ጥቅምት፣ ይህ ገድል ሆነ፤ ለሚመጣውም ትውልድ ተጻፈ። ያላመነ ቆቦ ወርዶ ባልዲ ሻጮቹን ይጠይቅ።

ይህች ራዊያ ጉሮሮዋ ናስ፣ ምላሷ ሚጥሚጣ፣ የሽንኩርት አዋጅ ነጋሪ፣ የቲማቲም አፈ ንጉሥ፣ ከስምንተኛ ክፍል በገዛ ፈቃዷ የተሰናበተች ናት። ርእሰ መምህሩ ግን በእኔ ፈቃድ ነው ይላሉ፤ ይህን ክርክር ታሪክ ይፍረደው። ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጠርተን መጀመር ወጉ ነበረ፤ ነገር ግን አንጠራውም፤ ምክንያቱን ኋላ ታገኙታላችሁ።

በገበያ ቀን ስትወጣ ሠራዊቷ እንዲህ ይሰለፍ ነበር፤ በፊት ሾፌሩ ደጀን የባጃጁን መሪ ጨብጦ፣ በመካከል ራዊያ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ በጎኗ ጓደኛዋ ጀዊሪያ ባትሪውን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ፣ ከላይ ሞንታርቦው በጎማ ታስሮ እየተንገዳገደ፣ ከኋላ ከትምህርት ቤት የፎረፉ ጭፍሮች፣ ከጭፍሮቹ ኋላ ማንም ያልጠራው ቡችላ፣ ከቡችላው ኋላ አቧራ፤ የአቧራው ቁጥር አይታወቅም። አዋጇም በየሱቁ ደጅ እንዲህ ይነገር ነበር፦

«አንተ የሮቢት ሰው! ሽንኩርትህን ሸጠህ ጫማ ሳትገዛ ልትወጣ ነው? ኧረ እፈር! ተረከዝህ እኮ ተሰነጣጥቆ ጤፍ ሊዘራበት ነው! ጋሽ ኸይረዲን ሱቅ ግባ፣ ሲሆን ሲሆን ሁለት ጥንድ ውሰድ!»

የተሰደበውም ሰው እየሳቀ ይገባል፤ ያልተሰደበውም ተራው እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። በቆላው ሁሉ በራዊያ መሰደብ እንደ ሹመት ይቆጠር ነበርና።

ወእምድኅረዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ የጋሽ ኸይረዲን የወንድም ልጅ ሙንተሲር፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ተክሎ፣ ስሙን ከማንጠራው ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራውን ተሸክሞ መጣ። ሥራውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል፤ በገበያችን ግን «ማሽኑ» ተባለ። ማሽኑ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የጻፈውንም በሰው ድምፅ ያነባል። ሙንተሲርም ከአጎቱ ሱቅ ደጅ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ነጋዴውን ሁሉ ሰብስቦ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ከዛሬ ወዲያ የሰው ጉሮሮ አበቃለት! ማሽኑ አይደክመውም፣ ምሳ አይጠይቅም፣ የደንበኛ ተረከዝ አይሰድብም። በመጪው ገበያ ሕዝብ ሰብስቦ ካሳየን ሥራው የእርሱ ነው፤ ካላሳየን የራዊያ እንደሆነ ይቅር!»

ጋሽ ኸይረዲን፣ የባልዲ ጌታ፣ የጀሪካን ባላባት፣ አዋጁን ራሳቸውን ነቅንቀው አጸደቁት። የቀሩት ነጋዴዎችም እርሳቸው የሄዱበትን እንከተላለን አሉ። የራዊያ አክስት አስረሳሽም ወሬው ሮቢት ድረስ ደርሷት ኖሮ፣ በስልክ ያለ ርኅራኄ እንዲህ አስነገረች፦ «ያፍሽ እንጀራ ከተበጠሰ ወደኔ ነይ፤ ሽንኩርት ትለቅሚያለሽ። አልጋ አለኝ፣ ጓንት ግን የለኝም።»

ራዊያም ይህን ሰምታ ዝም አለች። ዝም ማለቷ በቤቱ ታይቶ የማይታወቅ ስለነበረ እናቷ ወባ መስሏት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ተመረመረች፤ ወባ አልተገኘባትም፤ ሽንኩርት ግን ገና ሳትለቅመው ዓይኗን አቃጠላት።

የገበያውም ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠነክር፣ የሩቁ ገበያተኛ ግመሉን ሳያንበረክክ፣ ማሽኑ ከኪራይ ሞንታርቦ ጋር በኪራይ ባጃጅ ተጭኖ ወጣ። ድምፁ የወንድ፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ በየቃሉ መካከል የሚተነፍስ የሚመስል ነበረ። ማሽኑም ጨዋ ሁን ተብሎ ነበርና፣ የባለሱቁን ስም ከንግድ ፈቃዱ ላይ ሙሉውን አንሥቶ እንዲህ አወጀ፦

«ለክቡራን የቆቦና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ። አቶ ኸይረዲን አደም ይመር። አቶ ኸይረዲን አደም ይመር። ለረጅም ዘመን በቅንነት ያገለገሏችሁ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደጃቸው ለሁላችሁም ክፍት ሆኗል። ሁላችሁም እንድትገኙ በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።»

የባልዲውና የጫማው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነበረ፤ ግን ማን ይስማው? በቆቦ ሰው በሕይወት ሳለ ኸይረዲን ነው፣ የፈሪሀ ባል ነው፣ ባለ ባልዲው ነው። ስሙ እስከ አያቱ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ያውም በማለዳ፣ ያውም በዝግታ የሚጠራው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንን ቀን የሚጠራው ደግሞ ቅሬው ነው፤ ቅሬ ማለት እስላም ክርስቲያኑን በአንድ አፈር የሚያቀባብር፣ የቀረውን የሚቀጣ ማኅበራችን ነው። ይህን በቆቦ ጡት የጠባ ሁሉ ያውቃል። ሙንተሲርም ማሽኑ የጻፈውን ቢያነበው ያውቀው ነበር፤ ግን አላነበበውም፤ ማንበብ የቀረበት ዘመን ነውና።

የቅሬው ለፋፊ ታረቀኝ፣ ጥሩምባውን በትራሱ ሥር የሚያሳድር፣ በሞት ጉዳይ ማንም የማይቀድመው ሰው፣ ይህን በሰማ ጊዜ በሐዘን ሳይሆን በቅናት ከአልጋው ተፈናጥሮ ወጣ። በሕይወቱ ተቀድሞ አያውቅምና፣ እውነት ሞቱ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ሥራዬን ማን ነጠቀኝ እያለ፣ ጥሩምባውን ሦስት መንደር እስኪሰማ ነፋው። በዚህም የጋሽ ኸይረዲን ሞት ሕጋዊ ሆነ።

ያን ጊዜ ገበያው ተገለበጠ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወንዶች አካፋና ዶማቸውን አነሡ፤ ሽንኩርት ሻጭ ሽንኩርቱን ጥሎ፣ ፍየል ጎታች ፍየሉን አስሮ፣ የጎብዬ ሚኒባስ መንገዱን ቀይሮ፣ ገና በማሰሮ ያለ ንፍሮ ከነእሳቱ ተነሥቶ፣ ሁሉም ወደ ሱቁ ጎረፈ። አንዷ በባልዲ ላይ፣ አንዷ በጀሪካን ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች። የጋሽ ኸይረዲን አማችም እንባ እምቢ ቢለው ያለ እንባ ጮኸ።

ጋሽ ኸይረዲን በዚህ ሰዓት የት ነበሩ? ጸጉር አስተካካይ ቤት፣ ከጺማቸው እኩሌታው ተላጭቶ እኩሌታው ሳሙና ውስጥ ሆኖ ነበር። ጥሩምባውን ሰሙ፤ ዋይታውንም ሰሙ። የቅሬው ቅጣት የማያስፈራው ወንድ በቆቦ አልተወለደምና፣ ከወንበሩ ተነሥተው፣ ከጎረቤት አካፋ ተውሰው፣ ሕዝቡን ተከትለው እየሮጡ መጥተው፣ ሳሙናው ዓይናቸውን ጋርዶ የማን ደጅ መሆኑን ሳያዩ፣ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ምርር ብለው አለቀሱ። በለቅሶ ቤት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እያለቀሱ መስማት ነው እንጂ።

ሙንተሲርም ከሱቁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን በስልኩ ቀረጸ። ዓይኑን አላመነም። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ዋይታውን እስኪሰማ ድረስ ደስታው ወሰን አልነበረውም። በሰማ ጊዜ ግን ደነገጠ፤ ማሽኑንም፦ ሕዝቡ እያለቀሰ ነውና የሚያረጋጋ ነገር ተናገር አለው። ማሽኑም ያለ ምንም መዘግየት በኪራዩ ሞንታርቦ እንዲህ አለ፦

«በደረሰባችሁ ጥልቅ ሐዘን የተሰማንን እንገልጻለን። ለቤተሰቡ፣ ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን እንመኛለን።»

ዋይታው እጥፍ ሆነ። ጋሽ ኸይረዲንም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ራዊያ ይህን ሁሉ ከደጀን ባጃጅ ላይ ሆና ታይ ነበር። በመጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋን ጀዊሪያ በነጠላዋ አፈነችው። ቀጥሎ ግን ልቧ ወደቀ። አዋጁ ምን ነበረ? ሕዝብ ከሰበሰበ ሥራው የእርሱ ነው። ይኸው ሰበሰበ! ራዊያ በሦስት ዓመት ጩኸቷ የዚህን ሩብ ሰብስባ አታውቅም። ዝም ብላ ብትቀር ማሽኑ በሬሳ አሸነፈ፤ ያውም ሬሳው ቆሞ ሳለ። የሮቢት ሽንኩርት በዓይኗ ላይ ዞረ። ያን ጊዜ የሞንታርቦዋን መናገሪያ አንሥታ፣ በደጀን ትከሻ ላይ ረግጣ፣ ባጃጁ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ጣሪያው ጎደጎደ፣ ደጀን አቃሰተ፣ እርሷ ግን አልተናወጠችም። እንዲህም ስትል አወጀች፦

«ኧረ ያገር ሰው! እስቲ ዝም በሉ! ጋሽ ኸይረዲን አልሞቱም! ያውላችሁ፣ ከኋላችሁ፣ አካፋ ታቅፈው በግማሽ ጺም የተቀመጡት! ከሁላችሁም አብልጠው ለራሳቸው ያለቀሱት እርሳቸው ናቸው! ጋሽ ኸይረዲን፣ ይነሡ እንጂ፤ በገዛ ለቅሶዎ ላይ ከዚህ በላይ መቀመጥ ነውር ነው!»

ሕዝቡ ዞረ። ጋሽ ኸይረዲንም እኔ ነኝ እንዴ በሚል ዓይን ቀስ ብለው ተነሡ፤ ሳሙናቸው በእንባ ቀልጦ አንገታቸው ላይ ይወርድ ነበር። ባለቤታቸው ፈሪሀ አንድ ጊዜ ወደቀች፣ አልሐምዱሊላህ ብላ ተነሣች፣ ከዚያ ጋሽ ኸይረዲንን በባልዲ ክዳን መታቻቸው፤ ከዚያም እልልታ ሆነ። ከእልልታው ቀጥሎ ግን ቁጣ መጣ። የቅሬው ዳኛ ተነሥተው፣ ማኅበሩን በከንቱ ስላስወጡ፣ ጋሽ ኸይረዲን ባለመሞታቸው ሊቀጡ ይገባል ብለው አወጁ። ሕዝቡም አጉረምርሞ አካፋውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ ሊበተን ሆነ። የራዊያ ሰዓት ይህች ነበረች፦

«ወዴት ነው? አንቺ የጎብዬዋ! ባልዲው ላይ ተቀምጠሽ ነው እኮ ያለቀስሽው፤ ቂጡን አጎድጉደሽው ልትሄጂ ነው? ለሞቱት ንፍሮ ተሸክማችሁ የመጣችሁ፣ ለቆሙት አንድ ጀሪካን ከበዳችሁ? አንተ አማች! እንባህን ፈልጌ አጣሁት፤ ቢያንስ ጫማ ግዛና ይቅር እንበልህ! እናንተም ወንዶች፣ ነገ እውነቱ ሲመጣ ‹ያኔ አልቅሰናል› ብላችሁ እንደምትቀሩ አላውቅምና ነው? የዛሬው ለቅሶ አይቆጠርም! የሚቆጠረው የገዛችሁት ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። የሳቀ ሰው ደግሞ አይበተንም። የጎብዬዋ ባልዲውን ገዛች፤ አማቹ ሁለት ጥንድ ወሰደ፤ ፀሐይ መሀል ሰማይ ሳትደርስ ከሱቁ የቀረው መጥረጊያና ጋሽ ኸይረዲን ብቻ ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ቀረ፤ አካፋው። ሽማግሎች፦ ለቅሶ ብሎ የወጣ አካፋ አፈር ሳይነካ ቤት አይገባም፣ ከገባ ሌላ ሞት ይጠራል አሉ። ወንዶቹ ተያዩ። ያን ጊዜ ራዊያ ዓይኗን ከጣሪያው በወረደው በሙንተሲር እጅ ላይ ባለው፣ የማሽኑ ድምፅ በተጫነበት ፍላሽ ላይ ጣለች። ማንም ማንንም ሳያማክር፣ ከሱቁ ጀርባ ከግራሩ ሥር፣ ስንዝር የማይሞላ ጉድጓድ በዚያ ሁሉ አካፋ ተቆፈረ፤ ለአንድ ፍላሽ ይህን ያህል ቆፋሪ ወጥቶ አያውቅም። ታረቀኝም ተቀድሞ የነበረ ክብሩ እንዲመለስለት ጥሩምባውን ነፍቶ ለፈፈ፦

«ስማ ያልሰማህ! አቶ ፍላሽ ኮምፒውተር ኢንተርኔት! አቶ ፍላሽ ኮምፒውተር ኢንተርኔት! ያልተገኘ ይቀጣል!»

ሙንተሲርን ሰሌን ላይ አስቀመጡት። ሰውም ተሰልፎ አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ እግዜር ያጥናህ እያለ አለፈ፤ የተረፈውም ንፍሮ በእርሱ ስም ተበላ። በመጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀጥሎ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ተቀበለ፤ መጨረሻ ላይ ዓይኑ እውነት እንባ አቀረረ ይላሉ።

ጋሽ ኸይረዲንም በግማሽ ጺማቸው ደጃቸው ላይ ቆመው አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስሜን የምትጠራው ራዊያ ናት፤ ያውም በአጭሩ! ተረከዜንም ብትሰድብ ፈቅጃለሁ!» ነጋዴዎቹም ሁሉ አጸደቁ። ወደ ሮቢትም መልእክት ተላከ፤ አስረሳሽ አልጋዋን አጠፈች።

የሙንተሲርም ነገር እንዲህ ተፈጸመ። ከጣሪያ ላይ የቀረጸውን ለሌላ ማሽን ሰጠ፤ ማሽኑ ጥናት አድርጎ ጻፈው፤ ሙንተሲር ሳያነብ ላከው፤ መምህሩም ሳያነቡ ለራሳቸው ማሽን ሰጡት፤ የመምህሩም ማሽን፦ ደንበኞች በማስታወቂያ ልባቸው ይህን ያህል ሲነካ በምርምር ታይቶ አይታወቅም ብሎ ከፍተኛውን ውጤት ሰጠው። ሁለቱ ማሽኖች እንዲህ ተመሰጋግነው ተለያዩ። ሙንተሲር ግን ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ማዳመጫውን ነቅሎ፣ ከጀዊሪያ ጎን ባትሪውን ይዞ ሲሄድ ይታያል፤ ራዊያም በየገበያው አንድ ጊዜ ትሰድበዋለች፤ ሹመት ነው።

ሰላም ለጉሮሮሽ፣ ሬሳ ላስነሣው! ሰላም ለምላስሽ፣ ለቅሶን ወደ ገበያ ለመለሰው! ሰላም ለእግርሽ፣ በደጀን ትከሻና በባጃጅ ጣሪያ ላይ ለጸናው! ክብርሽ ስምሽን ከነአባትሽና ከነአያትሽ፣ ሁለት ጊዜ፣ በዝግታ እንድንጠራው ግድ ይለን ነበር። ነገር ግን ቆቦ ጆሮዋ ቀጭን ነው፤ ታረቀኝም ጥሩምባውን ከትራሱ ሥር አላወጣውም። ስለዚህ ራዊያ፣ ራዊያ ብቻ፣ እንላለን፤ የቀረውን ለመጥራት ገና ብዙ ዘመን ያቆየን፤ አሜን፣ አሚን።