እኔ አይልዎታለሁ

ፊልም የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለማየት ያያል፣ ሌላው ለማውራት ያያል። የመጀመሪያው ጉዳት የለውም፤ ትኬቱን ቆርጦ፣ ወይ አልቅሶ ወይ ስቆ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሁለተኛውን ግን ፈጣሪ ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ አከፋፍሎታል። በእናንተም ዘንድ አይጠፋም፤ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ።

ለደንብ ልብስ መስፊያው የደረሰው ልብስ ተኳሹ ነበር። «ሊቀ ፊልም» ይሉታል። ማዕረጉን ማን እንደ ሰጠው አይታወቅም፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። የካውያው ጠረጴዛ ከጨርቅ ቆራጯ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የክቡርነታቸውን ትንታኔ ለዓመታት በግንባር ቀደምነት የተቀበለችው እሷ ናት።

«እኔ መጨረሻውን አልነግርሽም» ይላታል ሰኞ ጠዋት፣ ካውያው ገና ሳይግል። «ብቻ ወንድሙን እንዳታምኚው።»

«አንተ ሰውዬ! ቅዳሜ ላየው ነበር እኮ!»

«እዪዋ! ማን ከለከለሽ? ስሙን እንኳ አልጠራሁ!»

እውነት ነው፣ አልጠራም። ግን ፊልሙ ውስጥ ያለው ወንድም አንድ ብቻ ነው።

ያልሞከረችው ዘዴ የለም። ጆሮዋን በጥጥ ብትደፍን ድምፁን ከፍ አደረገ። «አይቼዋለሁ» ብላ ብትዋሽ «እንግዲያውስ እንወያይበታ!» ብሎ ከነመጨረሻው ዘረገፈላት። አንድ ጊዜ እንዲያውም ልትቀድመው ወስና፣ ፊልሙ በወጣ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ሲኒማ ቤት ገባች። መብራቱ ሲደበዝዝ ከኋላዋ ወንበር የታወቀ ድምፅ መጣ፤ «እህቴ፣ አንቺም አለሽ? ጎሽ! እኔ ለሁለተኛ ጊዜዬ ነው።»

ፍርዱም ከካውያው አይርቅም። ጥሩ ፊልም «ስፌቱ የጠበቀ» ነው። መካከለኛው «ውጪው ያምራል፣ ገበር ግን የለውም» ይባላል። የጠላውን «ሳይተኮስ ገበያ የወጣ» ይለዋል፤ ይህን ሲል ካውያውን ሽቅብ ያነሣውና እንፋሎቱ ከእሱ ከራሱ አፍንጫ የወጣ ይመስላል። አንድ ቀን የሽፍቶችን አለቃ አሟሟት ሲተርክ፣ በአንድ የዘበኛ ሱሪ መቀመጫ ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞ ቀረ። «ስታዋክቡኝ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ከእሱ በቀር አፉን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ቆራጯ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ በወጣትነታቸው የሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት እየቀደዱ ሰው ያስገቡ ነበር። የመጨረሻው አርፋጅ ካልገባ ከበሩ ስለማይነሡ፣ የዚያን ዘመን ፊልም ሁሉ ያዩት ከመሐል ጀምረው ነው። አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል፤ ወንበሮቹ የት እንደ ደረሱ የሚያውቅ የለም። የእሳቸው ፍቅር ግን አልወጣላቸውም። ፊልም ሲጀምር ዛሬም ወደ በሩ አንድ ጊዜ ገልመጥ ይላሉ።

ዘንድሮ ዓይናቸው ታመመ። አንደኛው ከደከመ ቆይቷል፤ ተስፋ የነበረው በሌላው ነው። እሱ ደግሞ የውስጥ ሽፋኑ ከቦታው ተላቀቀ። ሐኪሙ መልሶ አያያዘው፤ ሽፋኑን ደግፎ የሚያቆይ የጋዝ አረፋም ሞላበት። አረፋው የሚደግፈው ግን ፊታቸው ወደ መሬት ሲሆን ብቻ ነውና ለሳምንት ተደፍተው እንዲተኙ አዘዘ። «ቀና ቀና ካሉ ዓይንዎን ይሰናበቱት» አላቸው።

ቀና አሉ። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ «አፍነሽ ልትገድዪኝ ነው?» ይላሉ፤ ሲከፈት ደግሞ ድምፁን በሰሙ ቁጥር አንገታቸው ሳያስቡት ብድግ ይላል፣ በደካማው ዓይናቸው ጥላውን እንኳ ለማየት።

«እማዬ! ኧረ ዓይንሽን!»

«ማነው የተኮሰው? እሱን ብቻ ልይ፣ አንዴ!»

ሬዲዮ ተሞከረ፤ ተሰደበ። ፈቃድ ወስዳ ከሥራ የቀረችው ቆራጭ የእናቷን ማጅራት በመዳፏ ይዛ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

በማግሥቱ የመስፊያው ሰዎች ሊጠይቁ መጡ። ሌሎቹ «ይማርዎት» ብለው ሄዱ። ሊቀ ፊልም ቀረ፤ ቴሌቪዥን ተከፍቶ እያለ ከቤት መውጣት አይሆንለትም። «ይኸው፣ ቤቴም ድረስ መጣልኝ» አለች በሆዷ።

ፊልሙ ላይ በር ተንኳኳ። የእናቷ አንገት ተነሣ።

«አንገትዎን፣ እማማ!» ብሎ ጮኸ። «እርስዎ ይደፉ። እኔ አይልዎታለሁ።»

አንገታቸው ተመለሰ። «ማነው ያንኳኳው?»

«ባለኮፍያ ሰውዬ ነው። ዝናብ መቶታል። ኮቱ ውድ ነው፣ የተኮሰለት ሰው ግን እጅጌውን አበላሽቶበታል። እኔ መጨረሻውን አልነግርዎትም፣ ብቻ…»

«መጨረሻ ሞልቶኛል፣ ልጄ! በሕይወቴ ያየሁት መጨረሻ ነው። ይልቅ ሰውዬው ከየት ተነሥቶ ነው የመጣው?»

ሊቀ ፊልምን እስከዚያ ቀን መጀመሪያውን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋና ኮፍያው ከተገዛበት ቀን ጀመረላቸው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ መምጣት ሆነ። ቆራጯን አሳረፋት ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ባሰባት። በሥራ ቦታ ከካውያው ማዶ የነበረው ድምፅ አሁን ሳሎኗ ውስጥ ነው። «እህቴ፣ ውሃ አቀብዪን፤ ታሪኩ በረሃ ገብቷል» ይላታል እንደ አባወራ። የእናቷ አንገት ግን አይነሣም። ያ እልኸኛ አንገት ትራሱ ላይ ተረጋግቶ ያመሻል።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ፊልሙ እየጋለ መብራት ጠፋ። ቆራጯ የከሰል ምድጃውን ትታ ሮጠች፤ «አሁን ተነሣች!» ብላ። ስትደርስ እሱ አንዲት ቃል እንኳ አላቋረጠም። ዝናቡን በከንፈሩ ያዘንባል፣ ፈረሱን በሁለት መዳፉ ጭኑ ላይ ያስጋልባል።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ እናቷ ከትራሱ ውስጥ።

ጭኑ ላይ ያለው ፈረስ ቆመ። «አዎ፣ ሄዷል፣ እማማ።»

«ታዲያ ፈረሱ በመብራት ነው እንዴ የሚሄደው? ቀጥል እንጂ!»

ቆራጯ በሩን ተደግፋ ፈረሱ ወንዙን እስኪሻገር ጠበቀች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ወጡ አረረ።

ሳምንቱ አለፈ። ሐኪሙ ዓይኑን ተመልክቶ «ይዟል» አለ። አረፋው ቀስ በቀስ ሟሟ፤ ጭጋጉ ተገፈፈ፤ አንድ ጠዋት እናቷ ከአልጋቸው ሆነው የግድግዳውን ሰዓት አነበቡ። ልጃቸው ሰዓቱን አውርዳ ሳመችው።

በዚያው ሰሞን ሊቀ ፊልም ሲመጣ እናቷ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቁት። ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

«አንተ ነህ? በድምፅህ እኮ ረጅም ነበርክ!»

«ካውያ ላይ ስጎነበስ አለቅሁ፣ እማማ» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ፊልሙ ጀመረ። እሱም ጀመረ።

«አሁን በሩን ይከፍታል…»

«አየሁት።»

«ሴትዮዋ ደነገጠች…»

«አየኋት እኮ፣ ልጄ! ዓይን አለኝ!»

ሊቀ ፊልም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ሥራ እንደ ፈታ ሰው መዳፎቹን አያቸው። ቆራጯ ለዓመታት ስትለምነው የኖረችው ዝምታ ይኸው ከነሙሉ ክብሩ መጣ፤ ቤቱም ጭር አለባት።

እናቷ ጥቂት አዩ። አዛጉ። ከዚያ በሐኪም እጅ የተረፈውን፣ ልጃቸው ማጅራት ይዛ የጠበቀችውን ያንን ዓይን ጨፈኑና ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደገፉ።

«በል ቀጥል» አሉት።

ቆራጯ «ያ ሁሉ መከራ ለዚህ ነው እንዴ?» ልትል ብድግ አለች። ይልቁን ሄዳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች።