ኮርኒስ የሌለው ሳሎኔ

ናዝሬት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ስለ ምን የሚያስብ ይመስላችኋል? ስለ ፀሐይ እንዳትሉኝ። ስለ ጎረቤት ነው! እኔ እንኳ ያሰብኩት ስለ ጎረቤት ብቻ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

ጊዜው የደርግ ነው። ሲሚንቶ እንደ ልብ አይገኝም፤ የቀበሌ ደጅ መጥናት ነው። እኔም ጠንቼ ጠንቼ የብሎኬት ቤት አቆምኩ። ጣሪያው የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ግድግዳውን የሚያህል መስታወት፣ ያውም ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንገዱ። ባለቤቴ ዘነበች ኮርኒሱ ይቅደም አለችኝ። ኮርኒስ ከመንገድ ይታያል እንዴ? የኮርኒሱን ብር ለመስታወቱ አደረግኩት። ደጃፉ ላይ የነበረውን ግራርም አስቆረጥኩት። ቤቱን ከለለብኛ!

ጓሮ ያለችው አሮጌዋ የጭቃ ቤታችን ዕቃ ቤት ሆነች። ሣር ክዳን ናት፤ ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቷ መዳፍ የምታህል። ዘነበች ምሳዋን ከበላች በኋላ እዚያ ገብታ ጋደም ትላለች። እኔ ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን ላቤን እጠርጋለሁ። ቬንትሌተር ገዛሁ። እሱም የሞቀውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልስልኝ ጀመር፤ የመብራት ሂሳቡን ደግሞ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

እንዲህ ባለው ቤት ነው እንግዲህ ለልጄ ለአስቴር ሽማግሌ የተላከው። ልጁ የወንጂ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አስቴር ትወደዋለች። እኔም አልጠላሁትም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ከቤቴ ተቀይሞ ከወጣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፣ ልጄም ዓይኔን አታይም። ዘነበች ጭቃ ቤቷ ትሻላለች፣ ቀዝቀዝ ትላለች ብላ ለመነችኝ። ምን ነካሽ፣ ልጄን ሊለምን የመጣን ሰው ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ላስቀምጠው? አልኳት።

እሑድ ቀትር ላይ ሦስት ሆነው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው መጡ። ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ስኳር ፋብሪካ ቦይለር እሳት ፊት ቆመው የጨረሱ ሰው ናቸው። አካም ጅርቱ ብለን ሰላም ተባባልን። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔም እንደ ወጉ ሳልጣደፍ የልጁን ዘር ማንዘር እየጠየቅኩ በቁማቸው አቆየኋቸው። ቆርቆሮው ከላይ ቋ ቋ ይላል። መስኮቱ ሲከፈት አቧራ፣ ሲዘጋ ምድጃ። ላቡ ከሱፉ አልፎ ጋቢያቸውን አረጠበው። ኦቦ ገመቹ የልጁን አያት ስም ጠሩ። የቅድመ አያቱን ሊጠሩ ሲሉ ዓይናቸው ዞረና ወደቁ።

ተሸክመን የት ወሰድናቸው? ዕቃ ቤት ነዋ! ጆንያው ላይ አጋደምናቸው፣ ዘነበች ውሃ ረጨችባቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ቦይለር ያልጣለውን ሰው የእኔ ሳሎን ጣለው! አስቴር ከጥግ ሆና እንባዋን እየጠረገች ታየኛለች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በወጉ ከሆነ የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚለው። እኔ ግን በምን አፌ ወደዚያ ሳሎን ተመለሱ ልበላቸው? እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ ሰጥቻለሁ አልኩ። ዘነበች ክው አለች። በኋላ ሰፈሩ ሴት ልጁን በአንድ ቀን የጣለ ብሎ አማኝ። ምክንያቱን እንዳልናገር ደግሞ ምክንያቱ ከሐሜቱ ይብሳል።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ቀና አሉ። አልተቀየሙም። ገላቶማ ብለው አመስግነው መረቁኝ፤ እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው፣ እኔ እየሰማሁ፣ ከልባቸው አዝነው እንዲህ አሉ፦

«የሠርጉን ቀን አናርቀው። ልጅቷ እዚያ ቤት ውስጥ ናት የምትኖረው።»