ዜሮም ይመዝገብ

ከተማ ያለ አራሚ አይቆምም። በ1963 ዓ.ም. የአሰላ አራሚ ክቡር መምህር ወልደአማኑኤል ነበሩ። አልጣሽ ደግሞ ዕድሏ ሆኖ ከእሳቸው ጋር አጥር ትጋራለች።

አዲሱ የሒሳብ መጽሐፍ ከመጣ ወዲህ መምህር ብሶባቸዋል። ከአንድ ጀምሮ የሚቆጠረው መቁጠሪያ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ሲጨመርበት ሙሉ ቁጥር ይባላል። ይህችን ልዩነት ከእሳቸው አፍ ያልሰማ የአሰላ ሰው የለም። የኢተያው አውቶቡስ ረዳት “ወራጅ የለም!” ብሎ ሲጮህ እንኳ፣ “ዜሮ ወራጅ በል!” ብለው ያርሙታል።

አልጣሽን የፈጇት በዶሮዋ ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

“እትዬ አልጣሽ፣ ዶሮዋ ስንት ጣለች?”

“ምንም።”

“ዜሮ ይበሉ እንጂ! ዜሮም ቁጥር ነው።”

“ተቀቅሎ ይበላል?”

አልጣሽ ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። “ምንም” ማለት ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልጋትም ነበር።

የሰፈሩ ሰው የትምህርት ቤቱን አዲስ ክፍል በደቦ ሊመርግ የወጣ ዕለት፣ አልጣሽ የገብስ ጭዷን በጆንያ ተሸክማ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ሥራ አከፋፋዩ አቶ ጉደታ እያንዳንዱን ቤት በልጆቹ ቁጥር ይመዘግቡ ጀመር፦ ሁለት ልጅ ያለው ሁለት ቀን፣ አንድ ያለው አንድ ቀን። እሷ ዘንድ ሲደርሱ እርሳሳቸው ቆመ።

“እትዬ አልጣሽ፣ እርስዎ እንኳ ልጅ የለዎትም። ይረፉ በቃ።”

በደግነት ነው ያሉት። ለእሷ ግን ሃያ ዓመት የኖረችበት ሰፈር ስሙን ሲጠራራ እሷን ዘሎ ማለፉ ነው። ጆንያዋን አንሥታ ልትመለስ ስትል ያ የምታውቀው ድምፅ መጣ።

“አቶ ጉደታ፣ ከስንት ነው የጀመሩት?”

“ከአንድ ነዋ፣ መምህር።”

“ተሳስተዋል! ስም፣ አልጣሽ፤ ልጆች፣ ዜሮ ብለው ይጻፉ። ከአንድ ሲጀምሩ እኮ ሰው ይጎድልብዎታል።”

“ታዲያ ዜሮ ቀን ሊሠሩ ነው?”

“እሱን ራሳቸው ያውቃሉ። የእኔ ጉዳይ መዝገቡ ነው።”

“ቶሌ፣ ይሁን” አሉና አቶ ጉደታ ጻፉ። አልጣሽ ግድግዳው እስኪያልቅ አራት ቀን ሙሉ ጭቃ ስትመርግ ከረመች። ያን ነዝናዛ ጎረቤቷን ምን ያህል እንደምትወዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባት ያኔ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መምህር እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን አሰገጉ። ገና ሳይጠይቁ፣ አልጣሽ ያጠራቀመቻቸውን ሁለት እንቁላሎች በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው።

“ውይ፣ ለእርስዎስ ስንት ቀረ?”

“ዜሮ!” አለች አልጣሽ፣ እየሳቀች።