ዳንቴል የለበሰው ሴንሰር

ናይሮቢ ውስጥ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲያቸው፣ ሐበሻ መለየት ከፈለጋችሁ መልክ ማየት አያስፈልግም። መስኮት ለመዝጋት የሚታገለውን ሰው ፈልጉ። እሱ ነው። አጠገቡ ያለው ኬንያዊ እስከ አገጩ የሚዘጋ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይቀመጣል። የኛ ሰው ደግሞ በስስ ሸሚዝ ሆኖ ይዘጋል። ለብሶ መክፈትና ተራቁቶ መዝጋት፣ የቱ ይሻላል? እኔ እንጃ። እኔ ከዘጊዎቹ ወገን ነኝ። ነበርኩ ማለቴ ነው። እንዴት እንደከዳሁ ልንገራችሁ።

ናይሮቢ ይበርዳል ስል አዲስ አበባ ያሉት እህቶቼ ይስቁብኛል። የምድር ወገብ ላይ ቁጭ ብለሽ ምን ብርድ ታወሪያለሽ ይሉኛል። እስቲ ይምጡና ሐምሌን ይዩት! ፀሐይ የለ፣ ደህና ዝናብ የለ፣ ሰማዩ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ይከርማል። ቤቱ ደግሞ ለሙቀት ጊዜ የተሠራ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ድንጋይ። ኪሌሌሽዋ ያለው አፓርታማችን ጠዋት ጠዋት ፍሪጅ ነው። እንዲያውም ፍሪጁን ስከፍተው ሞቅ ያለ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ዘሪሁን አዝኖልኝ የኤሌክትሪክ ሂተር ገዛ። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይ ብዬ ከሶፋው ጀርባ አስቀመጥኩት። ምን አለፋችሁ፣ የሶፋ ጀርባ ስናሞቅ ከረምን። ቀድመን የምንሞላው የመብራት ቶከን ያልቃል፣ እኛ እንንቀጠቀጣለን፣ ሶፋው ይመቸዋል።

ልጃችን ሜሮን ይሄን አይታ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። እዚሁ ናት ያደገችው፤ የኮምፒውተር ነገር ነው የምትሠራው። ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ "ኦንላይን ነች" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን ብስኩት የምታህል ነጭ ሣጥን ይዛ መጣች። "ማሚ፣ ሴንሰር ነው፤ ኢት ዊል ሄልፕ ዩ" አለችኝ። የክፍሉን ሙቀት ይለካል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ የምንተነፍሰውን አየር ይለካል። ሂተሩ ከተሰካበት ሶኬት ጋር ይነጋገራል፤ ሲበርድ ያበራዋል፣ ሲሞቅ ያጠፋዋል። ለሷ ደግሞ ያለችበት ድረስ በስልኳ ይነግራታል። አሃ፣ ወሬኛ ነው በይኛ፣ አልኳት።

መብራትም አለው። አረንጓዴ ከሆነ ሁሉ ሰላም ነው፤ ቢጫ ከሆነ አየሩ እየከበደ ነው፤ ቀይ ከሆነ መስኮት ክፈቱ ማለት ነው። መስኮት የሚለውን ስሰማ ጆሮዬን ደፈንኩ። ሂተሩን ከሶፋው ጀርባ አውጥታ፣ ሣጥኑን ከቴሌቪዥንና ከበር ራቅ አድርጋ ግድግዳ ላይ ያለች መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ፣ ለሥራ ወደ ሞቃቷ የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሞምባሳ ወረደች።

እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ አልወድም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ማይክሮዌቩ አለው። የሶፋው መደገፊያ አለው። ታዲያ ይሄ ምስኪን ምን በደለ? ደግሞ ያለበት ቦታ አላማረኝም። ከቴሌቪዥኑ ጎን አመጣሁትና ከሌላ የተረፈች ትንሽ ዳንቴል አለበስኩት። አማረበት! የጥምቀት ልጅ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ሂተሩ ሥራ ፈታ። ቴሌቪዥኑ ሲግል ሣጥኑ ዳንቴሉን ተከናንቦ አብሮ ይሞቃል፤ ቤቱ ሞቋል ብሎ ሂተሩን ድርግም ያደርገዋል። እኛ ብርድ ልብስ ለብሰን ዜና እናያለን። ሜሮን ከሞምባሳ ደወለች። ስልኬ ላይ ቤታችሁ ከሞምባሳ እኩል ሞቋል ይላል፣ ደህና ናችሁ ወይ አለችኝ። እኔ በካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤ ነው የማናግራት። የናንተ ዘመን ዕቃ መቼም እንደዚሁ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ስለ ዳንቴሉ ትንፍሽ አላልኩም፤ አልተጠየቅኩማ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት የቤት ኅብረት አለ። ወንድሞችና እህቶች ተሰብስበው ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ ዘሪሁን ያስተምራል። ዘሪሁንን ላስተዋውቃችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የጭነት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያስቆጥር ነው የሚውለው። እዚያ የሚያዳምጠው ሰው የለም። ይሄን አንሳ ይሉታል፣ ያንን መልስ ይሉታል፣ ፋንያ ሀራካ፣ ቶሎ በል ይሉታል። ቅዳሜ ግን ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። ቅዳሜ ሰው ፊቱን ወደሱ ያዞራል። ያቺ ሰዓት ከተወሰደችበት ምን እንደሚቀረው እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይተኙበታል። ገና "ክፍል አንድ" ከማለቱ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። በጸሎት ነው ትላላችሁ። ቀጥሎ አንገቱ ይወድቃል። ወዲያው ጥግ ላይ ያለው ያንኮራፋል። አሜን የሚል ይጠፋል። ማንኮራፋቱ ሲበዛ ዘሪሁን አንገቱን ይደፋና "እንግዲህ ጌታ ይባርካችሁ" ብሎ ይዘጋል። እውነቱን ልናገር? እኔም እተኛ ነበር። ሚስቱ ነኝና ዓይኔን ገልጬ መተኛት ተማርኩ እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ከኅብረት በኋላ አስተባባሪው ወንድም ታምራት ወደ ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ። ራሱን ሲያክ፣ ሲቅለሰለስ ቆየና፣ ወንድም ዘሪሁን ብዙ ዘመን ደክሟል፣ ትንሽ ቢያርፍ፣ ሌላ ሰው ቢሞክር አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለኅብረቱ እናስታውቃለን አለ። በኛ አገር አማርኛ "ቢያርፍ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዘሪሁን በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። ማታ እራት አልበላም። ሸሚዙን አውልቆ፣ አጣጥፎ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተው። አንጀቴን በላኝ! ታምራትን ባገኘው አንቀው ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በማግሥቱ ሜሮን ከሞምባሳ ተመለሰች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሣጥኑን ፈለገችው። "ማሚ! ዋት ኢዝ ዚስ?" ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ ይዛለች። ከአቧራ ነው የጠበቅኩት አልኳት። ስቃ ስቃ ስትጨርስ ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሰችና ስልኳን ታገላብጥ ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ቤት ምን ይደረጋል ስትል ጠየቀችኝ። ኅብረት ነዋ፣ የአባትሽ ትምህርት አልኳት።

ስልኳን አሳየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ተጋድሞ የሚውል መስመር ቅዳሜ ከሰዓት ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቀይ ውስጥ ይገባል። ሰው ሲበዛ፣ መስኮት ሲዘጋ፣ ተንፍሰን ያወጣነው አየር እዚያው ይጠራቀማል፤ እሱን መልሰን እንስበዋለን፤ ጭንቅላት ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይጥላል። በዚያ ላይ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ ስለሚጠፋ ሂተሩም ይነሳል። ቀዩ መብራት ስንት ቅዳሜ ሲጮህብን ኖሯል፤ እኔ ዳንቴል አልብሼዋለሁ! "ሶ ማሚ፣ ዳዲ ቦሪንግ ስለሆነ አይደለም" አለችኝ። ማን ቦሪንግ ነው አለ? ብዬ ጮህኩባት። በልቤ ግን እልልታዬን አቀለጥኩት።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስኮት መክፈት። ቀላል? እትዬ አሰለፈችን አታውቋቸውማ! እትዬ አሰለፈች ሁርሊንግሃም ያለ ያበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤት የሚያዙ፣ የኅብረታችን ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው የዘጉትን መስኮት የሚከፍት አልተወለደም። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ መስኮት ይዘጋሉ፣ ቀጥሎ ሰላምታ። ንፋስ ሰው ይገድላል ባይ ናቸው። ማስረጃም አላቸው፤ የእህታቸው ባል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ የአውቶቡስ መስኮት ከፍቶ መጣ፣ አፉ ተጣመመ፣ እስኪሞት ድረስ የሳቀው ወደ ግራ ብቻ ነው። ይሄን ሰምቶ መስኮት የሚከፍት ሐበሻ ካለ አሳዩኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። የዘሪሁንን ሸሚዝ ከቁምሳጥን አውጥቼ ራሴ ተኮስኩለት። የመጨረሻዬ ነው አለ። ሂተሩን አጠፋሁ፣ መስኮቶቹን ከፈትኩ፣ መጋረጃ ጋረድኩባቸው። ለእትዬ አሰለፈች ከመስኮት የራቀውን ወንበር አዘጋጀሁ፤ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ፈረንጅ አልጋ ውስጥ የሚያስገባው የሙቅ ውሃ ላስቲክ። ንግሥት ትቀመጥበታለች።

ገቡ። በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። "ንፋስ አለ" አሉ። የለም እትዬ አልኩ። "አስቴር፣ ንፋስ አለ!" ብለው መጋረጃውን ገለጡት። ኅብረቱ በሙሉ ከተከፈተ ካዝና ጋር የተያዘ ሌባ እንደሚያይ አየኝ። እጃቸው መስኮቱ ላይ ደረሰ። ታምራት ጥግ ላይ ሆኖ ማስታወቂያውን በልቡ እያጠና ነው። ዘሪሁን መሬት መሬት ያያል።

እዚያው እጃቸውን ያዝኳቸው። እትዬ፣ በጌታ፣ ለዛሬ ብቻ አልኳቸው። ባሌን ከማስተማር ሊያስቀሩብኝ ነው፤ የምትተኙት በሱ አይደለም፣ በአየሩ ነው፤ ይሄው ምስክሩ ብዬ ሣጥኑን አሳየኋቸው። እንባዬ መጣ፤ አስቤው አይደለም፣ መጣ። ሜሮንም የመብራቱን ነገር፣ ቀይ ምን እንደሆነ፣ አረንጓዴ ምን እንደሆነ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳቻቸው። እትዬ አሰለፈች ሣጥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ዘሪሁንን አዩት። ከዚያ "አፌ ከተጣመመ ታስታምሚኛለሽ" ብለው ሄደው ተቀመጡ። ጋቢውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ዘሪሁን ጀመረ። ርዕሱ ትዕግሥት ነበር። እንደለመደብኝ ዓይኔን ገልጬ ለመተኛት ተዘጋጀሁ። እንቅልፍ የለም! ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁሉም ነቅቷል። ጥግ ላይ የሚያንኮራፋው ሰውዬ ማስታወሻ ይይዛል። አንዷ ጥያቄ ጠየቀች። በዚያ ቤት ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። ዘሪሁን ደነገጠ፤ ከዚያ መለሰ፤ ሌላው አሜን አለ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ትከሻው ቀና አለ፣ ያ የማውቀው ወጣት ሆነ። አለቀስኩ፣ አሁንስ ወድጄ ነው። ታምራት በመጨረሻ ተነሳና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ማስታወቂያ የለም አለ።

እዚህ ላይ ባበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

እኛ ያላሰብነው ነገር አለ። ለካስ ዘሪሁንን የሚያስቆመው ማንኮራፋቱ ነበር! የስብሰባው ደወል እሱ ኖሯል። አሁን የሚያንኮራፋ የለም። ሰው ነቅቶ ያየዋል፤ እሱም ወደዱልኝ ብሎ ይቀጥላል። ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ቅዳሜ ይመልሳል። የሠራሁት ሩዝ ይረጋል። ወጡ ሁለት ጊዜ ይሞቃል። ሸሚዙማ አሁን ሁለት ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ መሸብኝ። ወገቤን ቆረጠኝ፣ ሆዴ ጮኸ፣ ዘሪሁን "ሌላው ነጥብ" አለ። ቀስ ብዬ ተነሳሁና በእግር ጣቴ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ትንሽ ብዘጋው፣ ትንሽ ቢያንቀላፉልኝ ብዬ ነው። እጄ መስኮቱ ላይ እንዳረፈ ከኋላዬ አንድ እጅ ያዘኝ።

እትዬ አሰለፈች ናቸው። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነው፤ አፋቸው አልተጣመመም።

"ብርዱ በጣም አልጠነከረም እትዬ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"የምን ብርድ?" አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ሣጥኑ እያሳዩ። "አረንጓዴ ነው። ቁጭ ብለሽ ተማሪ!"

ቁጭ አልኩ። አሁንም ትዕግሥት ላይ ነን፤ ገና መግቢያው ነው።